ባለ ሸራ ፋይበርግላስ ጀልባ ደብረ ብርሃን ላይ መጠገን፦ ብርዱ፣ ሬዚኑና የተሰነጠቀው የአየር ሳጥን

የጠባሴው

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ግቢ ውስጥ ያለችው 4.2 ሜትር ርዝመት ያላት፣ ባንድ ሸራ የምትሄድ የፋይበርግላስ ጀልባ ናት። ከቢሾፍቱ በአይሱዙ ተጭና ደብረ ብርሃን ገብታለች፤ ከተጠገነች በኋላ ወሎ፣ ሐይቅ ላይ ነው የምትውለው። ያለባት ይህ ነው።

ከፊት በስተቀኝ፣ ከውኃው መስመር በታች፣ 12 በ8 ሳ.ሜ. የሚሆን ቀዳዳ አለ። ጠርዙ ላይ ሲለካ የቀፎው ውፍረት 4 ሚ.ሜ. ነው። በግራ በኩል ያለው የአየር ሳጥን (ውኃ ቢገባባት እንዳትሰምጥ የሚያንሳፍፋት የታሸገ ባዶ ክፍል) ከቀፎው ጋር የሚጋጠምበትን መስመር ተከትሎ 60 ሳ.ሜ. ስንጥቅ አለ። ይኼኛው ስትጫን አልነበረም፣ ስትወርድ ነው የታየው። መንገድ ላይ የመታት ነገር የለም፣ የታሰረችበት ገመድም በዚያ በኩል አያልፍም። ወለሉ መሐል ላይ ሲረግጡት ይሰረጉዳል። ወደ ውኃ የሚወርደው የመሐል ሰሌዳ ኮምፔንሳቶ በመሆኑ አብጦ ከማስገቢያው አልወጣ ብሏል። ምሰሶውን ከሚወጥሩት ሽቦዎች አንዱ ከታች በኩል ሦስት ክሩ ተበጥሷል፣ ሸራው ደግሞ 40 ሳ.ሜ. ያህል ተቀዷል።

ባትላሜራ ሠሪዎች «በስቱኮ እንደፍነውና ቀለም እንረጨዋለን፣ አለቀ» ይላሉ። ሬዚንና ማት (ሬዚኑ የሚጠጣው የመስታወት ክር ንጣፍ) ከመርካቶ ይመጣል። ጥያቄዬ፣ ስቱኮው ይበቃል ወይ? ደግሞ አሁን ኅዳር ነው፣ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ሬዚኑ በዚህ ብርድ ይጠነክራል ወይስ በረንዳውን በላስቲክ ዘግቶ ከሰል ማያያዝ ይሻላል?

---

ፋይበር ቤት

ከከሰሉ እንጀምር፤ እሱን እርሳው። ፖሊስተር ሬዚን ውስጥ ስታይሪን አለ፣ ያ የሚሰነፍጠው ሽታ የሱ ነው። ሙቀቱ 31 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ትነቱ በትንሽ ብልጭታ ይያያዛል፣ ከአየር ስለሚከብድ ደግሞ ወለል ለወለል ሄዶ እሳቱ ያለበት ይደርሳል። ብሩሽ የምታጥብበት አሴቶን ከዚያም የባሰ ነው። ዘግቶ ከሰል ማያያዝ ያለ ሬዚኑም ሰው እንደሚገድል ለደብረ ብርሃን ሰው አይነገርም።

ስቱኮውም አይሆንም። የመኪና ስቱኮ ፖሊስተር ላይ የታልክ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው። ታልኩ ውኃ ይመጥጣል፤ ከውኃ መስመር በታች ከዋለ አብጦ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ክርም የለበትም፣ ስለዚህ ሸክም አይችልም። የመኪና በር ላይ ከስቱኮው ኋላ ላሜራ አለ፤ እዚህ ከኋላው ያለው ባዶ ነው። ከውኃ መስመር በላይ ጭረት ለመሙላት ተጠቀምበት፣ ከዚያ አይለፍ።

ወደ ብርዱ ስንመጣ፣ ሬዚን እንደ ቀለም በመትነን አይደርቅም። ከሃርድነሩ፣ ማለትም ከማጠንከሪያው ፈሳሽ ጋር ተያይዞ ነው የሚጠነክረው፣ ለዚያ ሙቀት ይፈልጋል። ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ድረስ ደህና ይሠራል። ከ15 በታች ይጎተታል፤ ወደ 10 ሲወርድ ሥራው መሐል ላይ ይቆምና ላዩ የጠነከረ መስሎ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ጥገናህ ስስ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል። ባልዲ ሙሉ ሬዚን ራሱን በራሱ ያሞቃል፣ 4 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ንጣፍ ግን የሚያመነጨውን ሙቀት ቀፎው ወዲያው ይወስድበታል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሃርድነር በመጨመር ብርዱን ለማሸነፍ ይሞክራል። ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው ልኩ፣ በክብደት። ከ1 በታች ካወረድከው ጭራሽ አይጨርስም፤ ከልክ በላይ ካበዛኸው ቶሎ ይረጋል እንጂ አይጠነክርም፣ የተረፈው ሃርድነር እንደ ማለስለሻ ውስጡ ይቀመጣል።

መፍትሔው ሰዓት መምረጥ ነው። ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን ቀኑ ፀሐይ ነው፤ የሚያስቸግረው ሌሊቱ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ጀልባዋን ፀሐይ ይምታት። አየሩ ቢሞቅ አይበቃም፣ ቀፎው ራሱ መሞቅ አለበት፤ የሌሊቱ ጤዛም ሙልጭ ብሎ መድረቅ አለበት። የሬዚኑን ጣሳ ሃርድነር ሳይገባበት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቁመው። 4 ሰዓት ላይ ጥላ ዘርጋባትና ሥራ ጀምር፣ 6 ሰዓት ሳይሆን ጨርስ። ጥላው ያስፈለገው ቀጥታ ፀሐይ ላይ እያነጠፍክ ሬዚኑ ማቱን ሳይጠጣ ስለሚረጋ ነው። ሲረጋና ጥፍር ሲያሳርፉበት ሲሰረጎድ ጥላውን አንስተህ በጥቁር ላስቲክ ድንኳን ሸፍናት፤ ቀትር ላይ ድንኳኑ ውስጥ 40 ዲግሪ ማግኘት አይከብድም። ለማታ ፍል ውኃ የሞሉ ጀሪካኖች ድንኳኑ ውስጥ ደርድር፣ እሳት ሳይኖር እስከ እኩለ ሌሊት ያቆዩልሃል። ርካሽ ቴርሞሜትርም ቢሆን ቀፎው ላይ ለጥፍ፤ በግምት አይሠራም።

ከመግዛትህ በፊት ሬዚኑ ኮባልት (ማጠንከሩን የሚያፋጥነው ቅመም) የገባበት መሆኑን ጠይቅ። የገባበት ብዙ ጊዜ ወደ ሮዝ ወይም ወይን ጠጅ ይላል። ካልገባበት ለብቻው ይሸጡልሃል። ያኔ መጀመሪያ ኮባልቱን ከሬዚኑ ጋር ፈጽሞ አዋህድ፣ ሃርድነሩ ከዚያ በኋላ ይግባ። ኮባልትና ሃርድነር በቀጥታ ከተገናኙ ይፈነዳሉ። ባንድ ሲሪንጅ አይለኩ፣ ባንድ መደርደሪያ አይቀመጡ። ሃርድነር ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል፤ መነጽር አድርግ፣ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውኃ አጠገብህ ይኑር፣ ጠብ ካለብህ ቢያንስ 15 ደቂቃ እያጠብክ ወደ ሐኪም ሂድ። የተመረተበትን ቀንም እይ። ሬዚን ያለ ሃርድነር ቢሆንም በወራት ውስጥ ይበላሻል፤ እንደ አብሽ የተለጠለጠውን አትግዛ።

ጀልባዋ ላይ ከመሥራትህ በፊት ሙከራ ቀላቅል። 100 ግራም ሬዚን፣ 1.5 ግራም ሃርድነር፤ በሲሪንጅ 1.3 ሚ.ሊ. ገደማ ነው። 20 ዲግሪ ላይ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ መርጋት አለበት። አንድ ሰዓት ከፈጀ ወይ ሬዚኑ አርጅቷል ወይ ሃርድነሩ ሞቷል ወይ ኮባልት የለውም።

አሁን ቀዳዳው። የተሰባበረውን ክር ሁሉ ጤነኛው ድረስ ቆርጠህ አውጣ። ዙሪያውን ከውጭ በግራይንደር አሞልሙለው፣ ተዳፋቱ የውፍረቱ 12 እጥፍ ይሁን፤ ለ4 ሚ.ሜ. በየጎኑ 5 ሳ.ሜ. ማለት ነው። ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። 1 ሳ.ሜ. ብቻ ሞርዶ የሚለጥፍ ሰው ጥገናው እንደ ክዳን ተነስቶ ይወድቅበታል፣ አዲስ ሬዚን በአሮጌው ላይ የሚይዘው በስፋት ብቻ ነውና። ከውስጥ በኩል ሰም የተቀባ ፎርማይካ ወይም በላስቲክ የተጠቀለለ ካርቶን ደግፈህ አቁም። በአሴቶን ጥረግ፣ ቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት አስኪድበት፣ እንደገና ጥረግ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጥ፤ ሳይጠረግ ከተሞረደ ሰሙና ቅባቱ ወደ ጭረቱ ይገባል።

በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝነው ማት አንዱ ንጣፍ ወደ 1 ሚ.ሜ. ይሰጣል፣ ስለዚህ አራት ንጣፍ። 22 በ18፣ 19 በ15፣ 16 በ12፣ 13 በ9 ሳ.ሜ.። ትልቁ መጀመሪያ ይግባ፤ ተዳፋቱን ሙሉ በሙሉ የሚይዘው እሱ ነው፣ በኋላ ላዩን ስትሞርድ የሚቆረጠውም እሱ አይሆንም። አራቱ ተደምረው ማቱ 45 ግራም አይሞላም፤ ሬዚኑ የማቱ 2 እጥፍ ተኩል ቢሆን 110 ግራም ነው፣ ለብክነት 150 ቀላቅል። ሃርድነሩ 2 ሚ.ሊ.። አየሩን በሮለር ወደ ጠርዝ እየገፋህ አውጣ፤ ማቱ ነጭነቱን አጥቶ ብርሃን ማሳለፍ አለበት፣ ነጭ ነጥብ የቀረበት ቦታ አየር ነው። በማግስቱ ከውስጥ በኩል ድጋፉን አንስተህ፣ ሞርደህ፣ 25 በ21 የሆነ ሁለት ንጣፍ ጨምርበት።

ላዩ በነጋታው ቢጣበቅ አትደንግጥ። ፖሊስተር አየር የነካው ገጹ አይጨርስም። የመጨረሻው ንጣፍ ላይ ስስ ላስቲክ አጋድምበትና አየሩን ጨፍልቀህ አውጣ፣ ወይም በስታይሪን የሟሟ ሰም ያለበትን ሬዚን ተጠቀም። ሰም ያለበት ላይ ሌላ ንጣፍ ለመጨመር ግን መጀመሪያ መሞረድ ግድ ነው።

ስንጥቁ ግን ግራ አጋብቶኛል። ያልተመታ ነገር እንዲያ ቀጥ ብሎ በመጋጠሚያ አይከፈትም።

---

መለኪያ

የስንጥቁ ምክንያት ከፍታ ይመስለኛል። የአየር ሳጥኑ ውታፍ ተዘግቶ ነበር የተጫነችው?

ሒሳቡ ይኸው። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየር ግፊቱ ወደ 805 ሄክቶፓስካል ነው። ደብረ ብርሃን 2840 ሜትር ገደማ ስትሆን ግፊቱ ወደ 715 ይወርዳል። ቢሾፍቱ ላይ የታሸገ አየር ደብረ ብርሃን ሲደርስ በ90 ሄክቶፓስካል ወደ ውጭ ይገፋል፤ በካሬ ሜትር 900 ኪ.ግ. ማለት ነው። ሳጥኑ 1.6 ሜትር ርዝመትና 35 ሳ.ሜ. ስፋት ቢኖረው ክዳኑን ከውስጥ የሚያነሳው ኃይል ከ500 ኪ.ግ. አያንስም። ትናንሽ ጀልባዎች ላይ ይህ ክዳን የተያዘው በሙጫና በስስ የማት ጥብጣብ ነው። በደንብ ያልታሸገ ሳጥን በየቀዳዳው ይተነፍስና ይተርፋል፤ የሚሰነጠቀው በጥሩ ሁኔታ የታሸገው ነው።

ስትወርድ ደግሞ በተቃራኒው ነው። የሐይቅ ውኃ ያለበት ከፍታ ከቢሾፍቱ ጋር ተቀራራቢ ነው፣ መንገዱ ግን በሸዋ ሮቢት ያልፋል፣ እሷ 1280 ሜትር ገደማ ናት። ከደብረ ብርሃን እስከዚያ ያለው ልዩነት 150 ሄክቶፓስካል ያህል፣ በካሬ ሜትር ከ1500 ኪ.ግ. በላይ ነው። የጠገንከው ሳጥን ተዘግቶ ጣርማበርን ከወረደ ወደ ውስጥ ይጨመደዳል። ስለዚህ ሁሉም ውታፍና ክዳን ከመጫኑ በፊት ይከፈት፣ ውኃው ዳር ደርሶ ይዘጋ። ለዘለቄታው ሳጥኑ ላይ፣ ከፍ ባለውና ውኃ በማይደርስበት ጎኑ፣ 2 ሚ.ሜ. መተንፈሻ መብሳት ነው። በብዙ ትንንሽ ጀልባዎች ላይ ከፋብሪካ እንዲህ ተበስቶ ይመጣል፤ ያገኘው ሰው ጉድለት መስሎት ይደፍነዋል።

ከጠገንክ በኋላ ሳጥኑ ማፍሰሱን ለማወቅ ኮምፕረሰር እንዳትሰካበት፤ በሰከንዶች ውስጥ ያፈነዳዋል። ግልጽ ቱቦ ግማሹን በውኃ ሞልተህ ሁለቱ ጫፎች ወደ ላይ እንዲሆኑ አጥፈህ አንጠልጥል፣ አንዱን ጫፍ ከሳጥኑ ጋር አገናኝ፣ በሌላ ቀዳዳ በብስክሌት ፓምፕ ቀስ እያልክ ንፋ። በቱቦው ሁለት ክንዶች መካከል የውኃው ልዩነት 10 ሳ.ሜ. ሲደርስ አቁም። መጋጠሚያውን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀባ፣ አረፋው የሚያብጥበት ቦታ ያፈሳል። መተንፈሻውን ለፈተናው ጊዜ በፕላስተር ዝጋው።

---

ሰላ ድንጋይ

የፋይበር ቤትን ነገር ለቀዳዳው እቀበላለሁ፣ ለስንጥቁ ግን ፖሊስተር አልመክርም። መጋጠሚያ ሁልጊዜ ይላጣል፣ ፖሊስተር ደግሞ በአሮጌ ንጣፍ ላይ መያዣው ደካማ ነው። እዚያ ኢፖክሲ ያስፈልጋል። ኢፖክሲ በፖሊስተር ላይ ጥሩ አድርጎ ይይዛል፣ ፖሊስተር በኢፖክሲ ላይ ግን አይይዝም፤ ስለዚህ ኢፖክሲ የነካውን ቦታ በኋላ ጄልኮት (ቀለም ያለው የፖሊስተር ልባስ) ሳይሆን ቀለም ነው የምታለብሰው።

ለኢፖክሲ ማት አትጠቀም። ማቱን አንድ ላይ የያዘው ማጣበቂያ የሚሟሟው በስታይሪን ነው፣ ኢፖክሲ ውስጥ ስታይሪን ስለሌለ ማቱ ደርቆ ይቀራል፣ ጥግ ላይም አልታጠፍ ይላል። የተሸመነ ጨርቅ፣ ከ200 እስከ 300 ግራም ያለውን ግዛ። ልኩ ደግሞ እንደ ፖሊስተሩ ሃርድነር የሚጨመርና የሚቀነስ አይደለም። ጣሳው ላይ 2 ለ1 ካለ 2 ለ1 ነው፣ 5 ለ1 ካለ 5 ለ1፤ በሚዛን ይሁን በመጠን የሚለካው መሆኑንም አንብብ። ለብርዱ ፈጣን የሚባለውን ሃርድነር ምረጥ። ብርድና እርጥበት ያገኘው ኢፖክሲ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ያወጣል፤ በአሴቶን አይለቅም፣ በውኃና በስፖንጅ ታጥቦ ነው ከዚያ የሚሞረደው። ሳይታጠብ የተቀባ ቀለም ይላጣል።

ሥራው አጭር ነው። የስንጥቁን ሁለት ጫፎች 4 ሚ.ሜ. ብሳቸው፣ እንዳይቀጥል። መስመሩን በሙሉ ክፈተው፣ የተላቀቀውን ሁሉ አውጣ። ጥጉን ሲሊካ ዱቄት በገባበትና ማንኪያ ላይ በሚቆም ወፍራም ኢፖክሲ ሙላው፣ በማንኪያ ጀርባ አጉብጠው፤ ጨርቅ በሹል ጥግ ላይ አይተኛም። ሳይጠነክር 5፣ 8 እና 11 ሳ.ሜ. ስፋት ያላቸውን ሦስት ጥብጣቦች ደርብበት። ጄሶ የሚያደባልቅ ሰው ካገኘህ ከግቢ አስወጣው።

---

የጠባሴው

በጣም አመሰግናለሁ። @መለኪያ፣ አዎ፣ ውታፉ ጥብቅ ብሎ ተዘግቶ ነበር፤ እዚህ ሲከፈት አየር «ፉስ» ብሎ ወጥቷል። ሳጥኑ 1.7 ሜትር በ32 ሳ.ሜ. ነው። ኢፖክሲ 2 ለ1 የሆነ ተገኝቷል።

ወለሉ ይቀራል። በሳንቲም ሲመታ መሐል ላይ 50 በ40 ሳ.ሜ. የሚሆነው ቦታ ድምፁ የደነዘ ነው፣ ሌላው ጥርት ይላል። ጥቃቅን ቀዳዳ በስቶ ኢፖክሲ በሲሪንጅ መሙላት ይቻላል የሚሉ አሉ።

---

ፋይበር ቤት

የሰላ ድንጋይን ሐሳብ እቀበላለሁ፤ ስንጥቁ በኢፖክሲ ይሁን።

ወለሉ በሁለት የፋይበር ንጣፍ መካከል እንጨት ያለበት ይመስላል። በሲሪንጅ መሙላት የሚሠራው ውስጡ ደረቅ ሆኖ ሲላቀቅ ብቻ ነው። መጀመሪያ እወቅ። 5 ሚ.ሜ. መብሻ ላይ ከጫፉ 4 ሚ.ሜ. ላይ ፕላስተር ጠምጥምበት፣ የላይኛውን ንጣፍ ብቻ ብሳ፤ ታችኛው ቀፎው ነው። የሚወጣው ፍቅፋቂ ነጭና ደረቅ ከሆነ ሙላው። ጥቁር፣ እርጥብና የሚሸት ከሆነ በላዩ ላይ ኢፖክሲ ማፍሰስ ውኃውን ማሸግ ነው።

እርጥብ ከሆነ የላይኛውን ንጣፍ በግራይንደር ስስ ዲስክ አራት ማዕዘን አድርገህ ቆርጠህ አንሳው፣ አትጣለው። የበሰበሰውን በመሮ ልቀም። ክፍቱን እንደዚያው ፀሐይ ይምታው፣ ማታ ሸፍነው። መድረቁን ለማወቅ ግልጽ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገህ ለጥፍበት፤ ፀሐይ መትቶት ከውስጥ ካላላበው ደርቋል። የወጣው እንጨት በነበረው ውፍረት ኮምፔንሳቶ ቁረጥ፣ ስድስቱንም ገጽ ኢፖክሲ አጠጣው፤ የጫፉ ገጽ ሁለቴ ይጠጣ፣ ውኃ የሚገባው በዚያ ነው። በወፍራም ኢፖክሲ አስተኛው፣ የቆረጥከውን ክዳን መልስበት፣ አሸዋ የሞሉ ጆንያዎች ጫንበት። በነጋታው መቁረጫውን መስመር በየጎኑ 3 ሳ.ሜ. አሞልሙለህ ሁለት ንጣፍ ጨርቅ ደርብ።

ኮምፔንሳቶው ደህና መሆኑን ለመፈተን እጅ መዳፍ የሚያህል ቆርጠህ ድስት ውስጥ ሁለት ሰዓት ቀቅለው። ከተላጠ ለጀልባ አይሆንም፤ ሻጩ «የውኃ ነው» ያለው ቢሆንም።

---

ሐይቅ ዳር

ሽቦውን፣ ሰሌዳውንና ሸራውን ማንም አላነሳው።

ሦስት ክሩ የተበጠሰ ሽቦ አይጠገንም፣ ይቀየራል፤ ደግሞም አቻውንም አብረህ ቀይር፣ የአንድ ዕድሜ ናቸው። ለዚህ መጠን ጀልባ 3 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው፣ 19 ወፋፍራም ክር የተገመደበት ስቴንለስ ነው ልኩ። ካልተገኘ 4 ሚ.ሜ. ጋልቫናይዝድ ኬብል፣ 7 በ7 የሆነውን (ሰባት ሰባት ክር ያላቸው ሰባት ጉንጉኖች የተገመዱበትን)፣ መጠቅለያ ቀለበት አስገብተህበት ይሠራል፤ ዝገቱን እያየህ ትቀይረዋለህ። የሞተር ሳይክል ፍሬን ገመድ ቀጭን ነው፣ የአጥር ሽቦ ደግሞ ባንድ ንፋስ ይለጠጥና ምሰሶው ይዘማል። ጫፉን በኬብል መቆንጠጫ የምትይዝ ከሆነ በየጫፉ ሦስት ይሁን፣ ኮርቻው ሸክም በሚሸከመው ረጅሙ ክንድ ላይ ይረፍ፣ የታጠፈው ብሎን ባጭሩ ጫፍ ላይ። ተገልብጦ ከታሰረ ብሎኑ የሚጨፈልቀው ዋናውን ሽቦ ነው። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቅ፣ ኬብሉ ይቀጥናል።

ምሰሶው አሉሚኒየም ከሆነ ስቴንለስ ቪቴ በቀጥታ አትምታበት። ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ሲያገኙ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል፤ ቪቴውም ተነክሶ አይወጣም። በመካከላቸው የፕላስቲክ ሮንዴላ አስገባ፣ ጥርሱን ግሪስ ወይም ማሸጊያ ቀባው። ለሪቬት የአሉሚኒየሙን ተጠቀም፣ የብረቱ ይዝጋል።

አብጦ የተያዘውን ሰሌዳ በመዶሻ ከታች አትምታው፣ ማስገቢያው ከቀፎው ጋር ያለው መጋጠሚያ ይከፈታል። ጀልባዋን ደርቃ ፀሐይ ላይ አቆያት፣ ይሟሽሻል፤ ከዚያ የፈሳሽ ሳሙና ከላይ አፍስሰህ፣ ሰሌዳውን በስተህ ብሎን አስገባበትና እሱ ላይ ገመድ አስረህ ሳበው። አዲሱን ከኮምፔንሳቶ ይልቅ ከዋንዛ ብትሠራው ይሻላል። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ብዙ አይጣመምም። አንድ ሰፊ ጣውላ አትጠቀም፤ 5 ሳ.ሜ. ስፋት ያላቸውን ቁራጮች አንዱን ቀና አንዱን ግልብጥ እያደረግህ በኢፖክሲ ገጣጥም፣ አንዱ ወደ ግራ ሲጣመም ሌላው ወደ ቀኝ ይይዘዋል። ወይራ ጠንካራ ቢሆንም ይከብዳል። ከማስገቢያው በየጎኑ 2 ሚ.ሜ. ክፍተት ይኑረው። ነጩ የአናጺ ኮላ ውኃ ውስጥ ይለቃል።

ሸራው ዳክሮን፣ ማለትም ፖሊስተር ከሆነ በፖሊስተር ክር ነው የሚሰፋው። ጫማ ሰፊዎች ዘንድ ያለው ክር ብዙውን ጊዜ ናይለን ነው፤ ይለጠጣል፣ ፀሐይም ቶሎ ትበላዋለች። የጥጥ ክር ይበሰብሳል። መጣፊያው ከቅዳዱ በየአቅጣጫው 4 ሳ.ሜ. ይትረፍ፣ ማዕዘኖቹ ክብ ይሁኑ፣ የጨርቁ ክር አቅጣጫ ከሸራው ጋር ይግጠም፤ ካልገጠመ ሸራው ሲወጠር መጣፊያው ጋ ይጨማደዳል። ጠርዙን በጋለ ቢላዋ ቁረጠው፣ እንዳይተረተር። በሁለት ገጽ ፕላስተር አስቀምጠህ ቁጥር 16 ወይም 18 መርፌ ባለው ዚግዛግ በሚሰፋ መኪና በሁለት ዙር አሰፋው። ቀጥ ያለ ስፌት አይለጠጥምና ክሩ ይበጠሳል። ሥራ ላይ ካልሆነ ሸፍነው፤ የሚያቃጥለው ጨረር በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ደብረ ብርሃን ግቢ ውስጥ የተዘረጋ ሸራ ሐይቅ ላይ ከዋለው ፈጥኖ ይሞታል።

የሸራ መስቀያው ገመድ ፖሊስተር ይሁን፣ 6 ሚ.ሜ.። ናይለን ይለጠጥና ሸራው ይወርዳል። ናይለኑን ለመልሕቅ አድርገው፣ እዚያ መለጠጡ ጥቅም ነው። እንደ ገለባ የሚንሳፈፈው ርካሹ ቢጫ ገመድ ፀሐይ ላይ በአንድ በጋ ይፈርሳል።

አንድ ነገር ደግሞ። ሐይቅ ከዳር ብዙ ሳይርቅ ይጠልቃል፣ መሐሉ ከ80 ሜትር በላይ ነው። የአየር ሳጥኑ አዲስ ጥገና ስለሆነ ውስጡ የተዘጉ ባለ 2 ሊትር የውኃ ፕላስቲኮች ጠቅጥቅበት። 30 ቢገቡ ሳጥኑ ቢሞላ እንኳ 60 ኪ.ግ. ያህል ያንሳፍፋሉ። በየጎኑ እኩል ይሁን።

---

መለኪያ

ፕላስቲኮቹንም ውኃው ዳር ነው የምትዘጋቸው። ደብረ ብርሃን ላይ የተከደነ 2 ሊትር እዚያ ሲደርስ ተጨማድዶ 1.8 ሊትር አይሞላም፣ ከ60ው ኪ.ግ. ስድስት ሰባቱ ይቀነሳል።

---

የጠባሴው

ስለ ጭነቱስ? ተጎታች የለም፣ አይሱዙ ነው። ምሰሶው 5.5 ሜትር ነው።

---

ሐይቅ ዳር

ተደፍታ ትጫን። በጠርዟ ላይ ሳይሆን ገለባ በሞሉ ጆንያዎች ላይ፣ ከፊትና ከኋላ ትረፍ፣ መሐሏ አይደገፍ። ገመዱ በጠርዙ ላይ በሚያልፍበት ቦታ የካማራዳሪ ቁራጭ አስገባ። ብዙ አታጥብቅ፣ ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ወደፊት እንዳትንሸራተት ግን ከኋላ ወደ ካሶኑ ጥግ የሚስብ ገመድ ይኑር፣ ደብረ ሲና ላይ ቆማችሁ እንደገና እዩት። ምሰሶው ለብቻው ይታሰር፣ ከካሶኑ የሚተርፈው ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰር። ስታቆመው ደግሞ የመብራት ሽቦ በሌለበት ቦታ ይሁን፤ አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

---

ፋይበር ቤት

የተረፈውን ሃርድነርና አሴቶን ይዘህ አትውረድ። ለመጠባበቂያ ጥገና ትንሽ ሬዚን ከፈለግህ ሬዚኑ ለብቻው በሣጥን፣ ሃርድነሩ በራሱ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቆሞ በሌላ ሣጥን፣ ከካሶኑ ሌላ ጥግ፣ ከፀሐይ ተሸፍኖ ይሁን። ሃርድነር ወደ ብረት ወይም መስታወት ዕቃ አይገለበጥም፣ ክዳኑም ተነፋሽ የሆነው የራሱ ክዳን ነው። በሕዝብ ማመላለሻ አይጫንም።